የማይሰግዱት የኔታ

የኔታ ላቀው ማረፋቸውን የሰማሁት አይከል ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እያስመዘንኩ ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። «የኔታ ትናንት አረፉ። ሳንባ ምች ነው አሉን። ቀብሩ ነገ ነው፤ ትመጣለህ?» አሉኝ። ሽንኩርቱን ሚዛኑ ላይ ትቼ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። ሻጯ ከኋላዬ ስትጠራኝ እሰማለሁ። መኪናው እስኪሞላ መቀመጥ አቃተኝ። እወጣለሁ፣ እዞራለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ረዳቱ አየት አደረገኝና «ወንድም ዓለም፣ አንተ ስለተንቆራጠጥህ ሰው አይመጣም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። ነርስ ሆኖ ይህን መናገር ደስ አይልም፤ ግን የግፊት መለኪያው ተነፍቶ እስኪተነፍስ እንኳ እግሬን የምወዘውዝ ሰው ነኝ። የኔታም ይህንኑ እያዩ ይስቁብኝ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ቤት የተቃጠለብህ ትመስላለህ» ይሉኛል።

ያወቅኳቸው ጎንደር ስሠራ ነው። ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ካለው ግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ወደ ማራኪ እወጣለሁ። እዚያ በአንድ ሆስፒታል የደም ግፊት ክትትል ክፍል እሠራ ነበር። እርሳቸው የሰፈሩ ደብር የአቋቋም መምህር ናቸው። ማኅሌት ላይ እንዴት እንደሚቆም፣ መቋሚያው መቼ እንደሚነሣ፣ ጸናጽሉ ከከበሮው ጋር የት እንደሚገናኝ ያስተምራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው ገና በከፊል የሸበተ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አልሞላም፤ ግን የኔታ ተብለው ስለሚጠሩ ሁላችንም እንደ ሽማግሌ ነበር የምናያቸው።

እርሳቸውም እንደኔ መቀመጥ አይወዱም። ተማሪው ሁሉ ቆሞ ሲያሸበሽብ፣ የኔታ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳሉ። አንዱ ከሳተ ሳያዩት ያውቁታል። «ዜማ በጉሮሮ አይያዝም፤ በእግር ነው የሚያዘው። አንተ ጉሮሮህ ደርሷል፣ እግርህ ገና አይከል ነው» ይላሉ። ተማሪው ይስቃል፤ ይደግማል። አንዳንድ ጊዜ ግን በመሃል ዝም ይሉና ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ። የሆነ ነገር የሚያዳምጡ ይመስላሉ። ምን እንደሚያዳምጡ ያወቅኩት በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ስቅለት ዓርብ ነው። እኔ ያን ቀን ተረኛ ስለነበርኩ አላየሁም፤ የነገሩኝ ግን ብዙዎች ናቸው። ሕዝቡ ቅጽሩን ሞልቶ ይሰግዳል። የኔታም ከፊት ሆነው ይሰግዱ ነበር። በመካከል ግንባራቸው መሬት ከነካበት ሲነሡ ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ላብ አጠመቃቸው፤ ተንቀጠቀጡ፤ «ልቤ!» ብለው ጮኹና ወደቁ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥተው ተቀመጡ።

በስቅለት ዕለት፣ በስግደት ላይ፣ የደብተራ ጩኸት። ከዚህ በላይ ለወሬ ምን ያስፈልጋል? በአገራችን ደብተራ ሲባል ያልታወቀ ነገር ማውራት የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ ጋኔን ሳቢ ነው፣ ጠልሰም ይጽፋል ይባላል። «የሳበው ጋኔን አላሰግድ አለው» ተባለ። የኔታ ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን መስገድ ተዉ። ሌላው ሲጎነበስ እርሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ይቆማሉ። ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ። የገጠር ወላጆች ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ወስደው ወደ ሌላ ደብር አስገቡ። በመጨረሻ አለቃው ጠሯቸውና «እስቲ ነገሩ እስኪጣራ ወንበሩ ይቆይ» አሏቸው። ወንበር ማለት ማስተማሪያቸው ነው። ለየኔታ ከወንበሩ ሌላ ሕይወት አልነበራቸውም።

እኔ ይህን ስሰማ ተናደድኩ። የምናደደው ቶሎ ነው። ማታ ከሥራ ስመለስ መለኪያዬን ይዤ ወደ ቤታቸው ገባሁና ክንዳቸውን ያዝኩ። ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ የሚያስደነግጥ አይደለም። በሳምንቱ ለካሁ፤ ደኅና ነው። በሌላው ሳምንት ለካሁ፤ ደኅና ነው።

«መቼ መቼ ነው የሚመጣብዎ?» አልኳቸው።

«ሲመጣ ይመጣል።»

«ምን ሲያደርጉ ነው?»

«ምንም። እንዲያው ይመጣል።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?»

«ተማሪዬ አይደለህም፤ ተረት አታስተምረኝ» አሉኝ።

አንድ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ግቢው ውስጥ ቆመው ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ አሉ፤ ብዙም አልቆዩም። ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ነጥቷል፤ ነጠላቸው በላብ ርሷል፤ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። መለኪያውን ላመጣ ሮጥኩ፤ በር ላይ ተደናቀፍኩ፤ ስመለስ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። «ምነው ትሯሯጣለህ? መጥቶ ሄደ» አሉኝ። ለካሁ፤ ወርዷል። የሚሸሽ ሌባ የማባርር መሰለኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ በዚያው ቀን ሌላ ነገር ነገሩኝ። ከስቅለቱ በኋላ የኔታ አንድ ክሊኒክ ሄደው ነበር። የልብ ምት የሚያበርድ ክኒን ተሰጣቸው። ክኒኑን ከጀመሩ በኋላ የመጣባቸው ከበፊቱ ሁሉ የከፋ ሆነ። ጎረቤቱም «ጋኔኑ መድኃኒት ጠላ» አለ፤ የኔታም ክኒኑን ጣሉት። ይህን ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ ተገላበጥኩ።

በማግሥቱ ለዶክተር ከድር ነገርኩት። ዶክተር ከድር የክፍላችን ሐኪም ነው፤ የኔ እኩያ፣ የአዲስ ዓለም ልጅ፣ ሰው ሲያወራ ዐይኑን ከፊቱ የማያነሣ። «አምጣቸው» አለኝ። ማምጣቱ ቀላል አልነበረም። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እትዬ ጥሩወርቅን አማላጅ ልኬ፣ በኅዳር ወር በባጃጅ ይዣቸው ሄድኩ።

ዶክተር ከድር ብዙ ጠየቃቸው። ቤተሰብ ውስጥ ግፊት አለ? ያንኮራፋሉ? ሽንትዎ ተለውጧል? ለወገብ ሕመም ከሱቅ ክኒን ይገዛሉ? የኔታ ለሁሉም በአጭሩ ይመልሳሉ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ እግሬን አወዛውዛለሁ። ከዚያ ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠና፣

«ሲጎነበሱስ?» አላቸው።

የኔታ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሲሰግዱስ?»

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ የነገርኸው?»

«ማንም አልነገረኝም» አለ ዶክተር ከድር። «እኔም በቀን አምስት ጊዜ እሰግዳለሁ፤ ሆድን እንዴት እንደሚጫን ዐውቀዋለሁ። ለዚህ ነው የጠየቅሁዎ።»

የኔታ አቀረቀሩ። ከዚያ ተናገሩ። ሲሰግዱ እንደሚመጣ፤ ከስቅለቱ በፊትም በቤታቸው ይመጣባቸው እንደነበር፤ ለሰው ይቅርና ለነፍስ አባታቸውም እንዳልተናዘዙት። «እግዜር ፊቴን ማየት ጠላ ብዬ ነው» አሉ። «ሌላው ሰው ሲታመም ወደ እርሱ ይጎነበሳል። እኔ ስጎነበስ ነው የምታመመው። ይኼን ምን ብዬ ልንገር?»

እኔ ያን ጊዜ ማልቀስ አማረኝ። ነገር ግን ጊዜ አላገኘሁም። የኔታ መለኪያው ክንዳቸው ላይ እንደታሰረ ከወንበሩ ወረዱ፤ ምሥራቁን በዐይናቸው ፈለጉና «ላታምነኝ ትችላለህ፤ እይ» ብለው ተደፉ። ዶክተር ከድር «ተዉ፣ ተዉ!» እያለ ዘለለ። አልደረሰባቸውም። ሲነሡ ያው ፊት፣ ያው ላብ። መለኪያው ተነፋ፣ ተነፈሰ፣ የላይኛው ከሁለት መቶ ሠላሳ አለፈ። አልጋ ላይ አስተኝተን፣ እጃቸውን ይዘን፣ እየወረደ እየወረደ እስኪመጣ ጠበቅን። ዶክተር ከድር ሁለታችንንም ክፉኛ ተቆጣ። «እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይገድላል» አለ። የኔታ ተኝተው «አሁን አየኸው አይደል?» ብቻ አሉ።

ዶክተር ከድር ያስረዳቸውን እኔም እንደ አዲስ ነው የሰማሁት። አብዛኛው የደም ግፊት ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ በዕድሜ፣ በዘር፣ በጨው ይበረታል፤ መድኃኒት እየወሰዱ አብረውት ይኖራሉ። ጥቂቱ ግን ላኪ አለው። የታመመ ኩላሊት ይልከዋል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ሥር ሲጠብ ይላካል፣ ዕጢ ይልከዋል፣ አንዳንዴም ሌላ መድኃኒት ይልከዋል። ላኪው ካልተገኘ የመጣውን ብቻ እየመቱ መኖር ነው።

«እንግዲህ አንተም እንደ ጎረቤቶቼ ተልኮበት ነው ትላለህ» አሉት የኔታ።

«አዎ፤ የኔ ላኪ ግን በፎቶ ይታያል።»

የጠረጠረው ከኩላሊት በላይ የምትቀመጥ ዕጢን ነው። ሰው ሲደነግጥ ልቡን የሚያስሮጠውን ንጥረ ነገር የምትረጨው እርሷ ናት። አብጣ እንደሆነ፣ ሆድ በታጠፈ ቁጥር ተጨምቃ ያለ ምንም ድንጋጤ ትረጫለች። ክኒኑም ያባሰባቸው በዚህ ነው፤ ደም ሥሩ ሳይላላ የልቡን ምት ብቻ መያዝ ጎርፍ እየመጣ መውጫውን መዝጋት ነው አለን።

መጀመሪያ ሽንት ይመርመር ተባለ፤ የአንድ ቀንና ሌሊት ሽንት ሳይቀር ተጠራቅሞ። የኔታ ቢጫ ጀሪካን ተሰጣቸው። በማግሥቱ ጀሪካኑን በነጠላቸው ሸፍነው፣ እኔ ከፊት እርሳቸው ከኋላ ሆነን ወደ ሚኒባስ ስንሄድ አንዲት ጎረቤት መንገድ ላይ ቆሙ።

«የኔታ፣ ከየት ነው ጠበሉ? ትንሽ ይርጩኝ እስቲ፤ ወገቤን እንዲህ አድርጎ ይዞኛል።»

የኔታ ደነገጡ። «አይ፣ ይኼስ አይሆንም።»

«ምነው? ለጎረቤት ይነፈጋል?»

«ይኼ የኔ የግሌ ነው፣ እናቴ» አሉና እርምጃቸውን አፈጠኑ። ሴትዮዋ «ጠበል የሚሰስት ካህን ዛሬ አየሁ» እያሉ ቀሩ። ሚኒባሱ ውስጥ የኔታ ጀሪካኑን ታቅፈው፣ ከወንበሩ መወሰድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «በጋኔን ላይ ስስት ተጨመረብኝ» አሉ።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስንት ቀን እንደተንቆራጠጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። መጣ፤ ዶክተሩ የጠረጠረው ሆነ። ሲቲ ስካን ተነሡ፤ ከግራ ኩላሊታቸው በላይ ሎሚ የምታህል ነገር ተቀምጣለች። የኔታ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘው ረጅም ጊዜ አዩዋት። «አንቺ ነሽ?» አሏት።

ቀዶ ጥገናው ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ደም ሥር የሚያላላ መድኃኒት፤ እርሱ ከያዘ በኋላ ብቻ ልብ የሚያበርደው። ከዚህ ጋር ብዙ ውኃና ጨው ያለበት ምግብ። የተጨነቁት ደም ሥሮች ሲላሉ የሚሞላቸው ያስፈልጋቸዋል። ይህ የሆነው ግን በጾመ ነቢያት ነው። የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም።

«ጨው አትብላ ያላችሁኝ እናንተ፤ ጨው ብላ የምትሉኝ እናንተ» አሉ። «ከነቢያት ጾም ውስጥ መርጣችሁ?»

«የፊተኛው ለሌላው ግፊት ነው፤ ይኼ የራሱ ሕግ አለው» አላቸው ዶክተር ከድር። «ሳይጠጡ ቢገቡ ዕጢዋ በወጣችበት ሰዓት ግፊትዎ ይዘቅጣል። አልመልሰውም ይሆናል።»

የኔታ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ፤ ፈቃድ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ጨው የበዛበት ሽሮና አንድ ማሰሮ ውኃ ይዘው ደጃፋቸው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ይበሉ ነበር። ውስጥ ገብተው ለምን እንደማይበሉ ጠየቅኳቸው። «ተደብቄ የደረሰብኝ ይበቃኛል» አሉኝ። አላፊው ያያል፤ ይንሾካሾካል። እኔ ልጣላ እነሣለሁ። እርሳቸው እጄን ይዘው ያስቀምጡኛል። በዚህ ሰውዬ ትዕግሥት በጣም እናደድ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ዕጢዋ ወጣች። በሩ ላይ ስመላለስ የጥበቃ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አስወጣኝ። የፈራነው ሆኖ ግፊታቸው ወደቀ፤ ሐኪሞቹ ታግለው አነሡት። ሲነቁ ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አደረጉና የልባቸውን ምት አዳመጡ። «ጸጥ አለ» አሉኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ወሬው ደብሩ ደረሰ። አለቃው ራሳቸው ሊጠይቁ መጡ። መልካም ሰው ናቸው፤ ፈርተው ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም። «ወንበሩ ያንተ ነው። በስቅለት ዕለት ደግሞ በሕዝቡ ፊት እናገራለሁ፤ የመምህራችን ደዌ የሥጋ ነበር፣ ሐኪም ዕጢ አግኝቶ አውጥቷል እላለሁ። ከዚያ አንተ ከፊት ትሰግዳለህ፤ ሁሉም ያያል» አሏቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ። በደስታ ብድግ አልኩ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለ ወንበሩ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላውን ግን ተዉት።»

«ምነው? ስምህን ላነጻ እኮ ነው።»

«እኔን በዕጢ ካነጻችሁኝ፣ ዕጢ ያልተገኘለት ሁሉ ባለጋኔን ሆኖ ይቀራል። መስገድ የማይችል ስንት ሰው አለ፣ አባቴ? ሁሉም ፎቶ ተነሥቶ ይምጣ? ይልቅ የማይሰግደውን አትዩት በሉልኝ።»

አለቃው «ይኼን እንዴት ብዬ በስቅለት እናገራለሁ» ብለው ሄዱ። አልተናገሩም።

ስቅለት ደረሰ። እኔ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ዶክተር ከድር መስገድ ይችላሉ ብሎ ነበር፤ ይህን ቀን ለማየት ቸኩያለሁ። ሕዝቡም እንደኔ ነው፤ ሁሉም በጎን እያየ የኔታን ይፈልጋል። ከፊት የሉም። ዞሬ ዞሬ በሰሜን በኩል ባለው የቅጽር ግንብ ሥር አገኘኋቸው። አያ ደሴ ከሚባሉ ገበሬ አጠገብ ቆመዋል። አያ ደሴ የሚጥል በሽታ አለባቸው፤ እንዳይጥላቸው እየፈሩ አይሰግዱም፤ እላዬ ላይ ይወድቃሉ ብሎም ሰው ሁሉ ይርቃቸዋል። በዚያ ግንብ ሥር ለዓመታት ብቻቸውን ይቆሙ እንደነበር ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት።

እግዚኦታው ተጀመረ፤ ሰው ሁሉ ተደፋ። ሁለቱ ቆመው ቀሩ።

ሰው እየተራመድኩ ሄድኩ። «የኔታ፣ ድነዋል እኮ» አልኳቸው፤ በቁጣ።

«ዐውቃለሁ። ቤቴ ስሰግድ አድሬ ነው የመጣሁት። ሸጋ ነው፤ ምንም አይለኝም።»

«ታዲያ እዚህስ?»

«እኔም ከተደፋሁ እኚህ ሰው ብቻቸውን ይታያሉ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውንማ ብሎ ጨርሷል» አሉ።

አላመንኩም። ይህን ያህል ተለፍቶ፣ ያ ሁሉ ተጠብቆ! ቤቴ ገብቼም አልበረደልኝም። የኔታ ግን እስኪያርፉ ድረስ በዚያ ደብር ስቅለትን አንድም ቀን አልሰገዱም። ተማሪዎቻቸው ተመልሰዋል፤ ወንበራቸው ሞልቷል፤ ወሬው ግን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። እርሳቸውም ሊገድሉት አልሞከሩም። እኔ ወደ አይከል ተዛወርኩ፤ በዓል በመጣ ቁጥር ተረኛ እየሆንኩ ስቅለትን ጎንደር ሳላሳልፍ ቀረሁ።

በቀብራቸው ቀን፣ ሁዳዴ ተጋምሷል፣ ሕዝቡ ሲበተን አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ። አያ ደሴ ናቸው። ከርመው አርጅተዋል።

«አንተ ያ ለኪው ልጅ አይደለህ?»

«ነኝ፣ አያ ደሴ።»

«ላቀው ሄደ እንግዲህ።»

«ሄዱ።» ከዚያ፣ ሳላስበው፣ «ዘንድሮ በስቅለት ዓርብ እኔ አብሬዎ እቆማለሁ» አልኳቸው።

እግሬን አዩ። «ጉልበትህ ደኅና አይደለም እንዴ?»

«ደኅና ነው።»

ዐይናቸው እንባ ሞልቷል፤ የኔም።

«እንግዲያ በጧት ና» አሉኝ። «ቋሚው በዝቷል፤ ከረፈደማ ግንቡ ሥር መቆሚያ አይገኝም።»